ሪስታርት እምቢ ያለው ኮምፒውተር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ ፔንቲየም ፎር ነው፤ ነገሩ ግን እኔንም ይነካል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ዳባት የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት «ኮምፒውተራችን አልነሳ አለ» ብለው ጠሩኝ። ምንም ሳልጠይቅ ሲዲዬን አስገብቼ ፎርማት አደረግሁት። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ የሁለት ክፍል ተማሪዎች ውጤት ግን ጠፋ። መምህሩ አልተቆጡኝም። የወረቀት መዝገባቸውን አውጥተው ከአንደኛው ተማሪ ጀምረው እንደገና መጻፍ ያዙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ለእረፍት ደባርቅ ገባሁ። አክስቴ መናኸሪያው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ገና ሻይ ሳልጠጣ፣ «ጠዋት ስከፍተው እሺ ይላል፤ ሪስታርት ሳደርገው ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች» አለችኝ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2014 እ.ኤ.አ. ያቆመበት። ሆዱ ውስጥ ግን ከቆላው ድረስ የሚመጡ ባለጉዳዮች ማመልከቻና የዕድሩ መዋጮ መዝገብ አለ። ሌላ ቅጂ የለም።

እኔም የክፍል እውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ «እቴቴ፣ ከፍታው ነው» አልኳት። የብዙ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ገደብ 3,048 ሜትር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሙቀት ማስወገዱም ይደክማል። ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አክስቴ ሳቀችብኝ። «ታዲያ ጠዋት የሚነሳው ደባርቅ ዝቅ ብላለት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሲዲዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የዳባቱ መምህር ግን ትዝ አሉኝ። መጀመሪያ ፋይሎቹን በሙሉ ገለበጥኩ። ከዚያ አንድም ብሎን ሳልፈታ አጠገቧ ተቀምጬ ሥራዋን አየሁ፤ «ሪስታርት የምታደርጊው መቼ መቼ ነው?» ብዬም ጠየቅኋት።

«የሰው ፍላሽ ሰክቼ ሲንቀራፈፍብኝ ነዋ!»

ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። ጠዋት ሲከፈት ፍላሽ የለም። ሪስታርት ሲደረግ ግን የባለጉዳዩ ፍላሽ እንደተሰካ ነው። ባዮሱ ሃርድ ዲስኩን ትቶ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ማስነሻ ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ እዚያው ይደርቃል። ፍላሹን ነቅዬ ሪስታርት አደረግሁት፤ ተነሳ። መልሼ ሰካሁት፤ ቆመ። ባዮስ ገብቼ ሃርድ ዲስኩን አንደኛ አደረግሁት፤ ፍላሹ እንደተሰካ ተነሳ። ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ።

በነጋታው ያው ሆነ! ሰዓቱን ባየው ጥር 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ይላል። አክስቴ «እሱማ ሁልጊዜ ነው» አለች። ለካ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። አክስቴ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥልባት ማታ ማታ ሶኬቱን ትነቅላለች። ሶኬቱ ሲነቀል የባዮሱን ሰዓትና ምርጫ የሚይዘው ያ ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱ ከሞተ ሁሉም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። መንቀሏ ልክ ነው፤ የጎደለው ባትሪ ብቻ ነበር።

ባትሪው 3 ቮልት ነው፤ ላዩ ላይ ሲአር 2032 ይላል። 20 ስፋቱ፣ 32 ደግሞ ውፍረቱ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር እና 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሞተውን ለናሙና ጎንደር ለሚወርድ ሚኒባስ ረዳት ሰጠነው፤ ማታ አዲሱን ይዞልን መጣ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አላስቸገራትም። የዕድሩም መዝገብ ዛሬ ሁለት ቅጂ አለው።

ወደ ግቢ ስመለስ ዳባት ላይ ወረድኩ። ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ መምህሩን አላገኘኋቸውም። ይቅርታው እስካሁን አንገቴ ላይ አለ።

እናንተም የሰው ኮምፒውተር ስትነኩ ሲዲውን ከማውጣታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፦ ውስጡ ምን አለ? እምቢ የሚለው መቼ ነው? ያን ጊዜ ምን ተሰክቶ ነበር? እኛ የማሽኑን ጠባይ ተምረን ይሆናል፤ አብሮት የሚውለው ግን ባለቤቱ ነው።