ስለ ቡታጅራ ተራራና ችግኝ ስለሚያሳድጉ ማኅበሮች ሥራ

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ በመልካ ቍንጡሬ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፥ የጢያን ትክል ድንጋዮች አይቶ፥ በቡኢና በኬላ አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቡታጅራ ይደርሳል። ከተማዪቱ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። በስተ ምዕራቧ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የዘቢዳር ተራራ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቋ ሜዳው በበርበሬው ወደ ታወቀው ወደ ማረቆ አገር እየተዘረጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። መኪናው የሚሄድበት መንገድ ራሱ ታሪክ አለው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የአገሩ ተወላጆች ማኅበር አቁመውና ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ደክመዋል። እንግዲህ ትርፍ ሳይሹ ለአገር ጥቅም ተሰብስቦ መሥራት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናወሳ የወደድነው ስለ ሌላ ዓይነት ማኅበር ነው፤ ይኸውም ደንን፥ አፈርንና ውሃን ለመጠበቅ ስለ ቆሙት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና በእነርሱ ዘንድ ስለሚያገለግሉ ሰዎች ሥራ ነው። ይህ ዓይነት ማኅበር በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ነው። ብዙ ሰው የሠራተኞቹ ተግባር በክረምት ችግኝ ተክሎ መመለስ ይመስለዋል። በውነቱ ግን መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማሳደጉ የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ የሠራተኛውም ድካምና ጭንቀት ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

የነገሩ ክብደት እንዲታወቅ የውሃውን መንገድ መመልከት ያሻል። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የመቂ ወንዝ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ተዳፋቱ ዛፍና ሣር ያጣ እንደ ሆነ የክረምቱ ዝናብ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ እየሮጠ ይወርዳል፤ ለም አፈሩን ይጠርጋል፤ ቦረቦር ይቈፍራል፤ ደለሉንም ተሸክሞ ወደ ቆላ ይሄዳል። በጋ ሲገባ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። ስለዚህ በዘቢዳር ግርጌ እርከን የሚያሠራ ሰው የአንዱን ገበሬ ማሳ ብቻ ሳይሆን በሩቅ ያለውን የዓሣ አጥማጁን እንጀራ ጭምር ይጠብቃል።

ይህ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ወይም ከሌላ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመርቆ የመጣ ወጣት ነው። ጥዋት በሞተር ብስክሌት ወደ ችግኝ ጣቢያው ሄዶ የወይራውን፥ የጽዱን፥ የዝግባውንና የኮሶውን መደብ ያያል፤ ከዚያ በእግሩ ተራራውን ወጥቶ እርከኑን ይመረምራል፤ ከቀትር በኋላ በቀበሌ ስብሰባ ይቀመጣል፤ ማታ ደግሞ በፋኖስ ፈንታ በኮምፒዩተር ብርሃን ሪፖርቱን ይጽፋል። ከእነዚህም ሁሉ የሚከብደው ስብሰባው ነው። ተራራው ከከብት ተከልሎ እንዲያገግም በተነገረ ጊዜ ሁለት በግና አንዲት ፍየል ብቻ ያሏት ባልቴት ተነሥታ፥ «ልጄ፥ ተራራው እስኪያገግም ድረስ እኔ ፍየሌን የት ላግጣት?» ብላ ትጠይቃለች። ለዚህ ጥያቄ በትምህርት ቤት የተጻፈ መልስ የለም። ሣሩ እየታጨደ ለባለ መብቱ እንዲከፋፈል፥ ድርሻውም አስቀድሞ ለድኻው እንዲደርስ ካልተስማሙ በቀር አጥሩ ዋጋ የለውም፤ ሌሊት ገብቶ የሚቈርጠው ሰው ክፉ ሳይሆን ችግረኛ ሆኖ ይገኛልና።

ስለ ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ ውሃ ይጠጣል ብለው ይነቅፉታል፤ ገበሬው ግን በጥቂት ዓመት ቋሚና ማገር ሆኖ ሲሸጥ የልጁን ደብተርና ልብስ እንደሚያስገኝለት ያውቃል። ብልህ ሠራተኛ ባሕር ዛፉን ከምንጩ ዳር አርቆ በሌላ ስፍራ እንዲተከል ይመክራል እንጂ የሰውን መተዳደሪያ አያንቋሽሽም።

ደግሞም ጥበቃ ማለት ከውጭ አገር የመጣ ትምህርት አለመሆኑን ጉራጌ አገርን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በመንደሩ መካከል የሚዘረጋው ጀፎረ የተባለው ሰፊ የሣር መንገድ የሁሉ ነው፤ ማንም አያርሰውም፥ ማንም ወደ ግቢው አይከልለውም፤ ወሰኑን የሚያስከብረው የአባቶች ሕግ ነው። እንሰቱም አስተማሪ ነው። የእንሰት ተክል ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ፥ ፍግ እየተሰጠው ለዓመታት ያድጋል፤ ለምግብ የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ይህን ትዕግሥት የተማሩ ባልና ሚስት ዛፍ ማሳደግ አያቅታቸውም። ስለዚህ በሙያው የበሰለ ሠራተኛ ለሽማግሎችና ለእመቤቶች ከመንገሩ በፊት ከእነርሱ ይጠይቃል።

ይህ መንገድ እንደሚያዋጣ ከቡታጅራ ወደ ደቡብ በወላይታ የሚገኘው የሑምቦ ተራራ ማስረጃ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ወርልድ ቪዥን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከገበሬዎቹ ጋራ ሆኖ 2,728 ሄክታር፥ ማለት ከ68 ጋሻ ጥቂት የሚበልጥ የተራቈተ ተራራ መልሶ ማልበስ ጀመረ። የሥራው ዋና ዘዴ ከአፈር ውስጥ ሕይወቱ ያልጠፋውን ጉቶ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቆ፥ ቡቃያውን መርጦና ገርዞ ማሳደግ ነበር። ገበሬዎቹም በሰባት ማኅበር ተደራጅተው በደኑ ለመጠቀም መብት ተሰጣቸው። ሥራው በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአየር ንብረት መዝገብ ገብቶ ደኑ ከአየር ስለሚያጠራው ካርቦን ገንዘብ አስገኘ። ተራራው የዳነው ጠባቂው የጥቅሙ ተካፋይ በመሆኑ ነው።

የሠራተኛው ትልቁ ፈተና ጊዜ ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ለጋሾች የሚመጣ ሲሆን ውሉ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ ወይራ ግን በሦስት ዓመት ዛፍ አይባልም። ውሉ ሲያልቅ ደመወዙ ይቋረጣል፤ ቤተ ሰቡን ትቶ የመጣ ባለ ትዳርም ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1113 ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪ ከድርጅቱ ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ቁጠባው መልካም ነው፤ ነገር ግን ተመላልሶ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ሲታሰብ እንደ ትርፍ ወጪ እንዳይታይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ባስታወቀ ጊዜ ወሬው በዓለም ተሰማ። የተተከለው ቍጥር በሐምሌ ይጻፋል፤ የጸደቀው ቍጥር ግን በጋውን ተሻግሮ በሚያዝያ የሚቈጠር ስለ ሆነ አንባቢው ጥቂት ነው።

በየቤቱ ያሉ እመቤቶችም ለዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ እኩሌታው ድረስ ያድናል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። አንድ ሸክም እንጨት ከቤት በዳነ ቍጥር ከተራራው ላይ አንድ ቡቃያ የማደግ ዕድል ያገኛል።

እንግዲህ በክረምት ለመትከል ወደ ቡታጅራ የምትወርዱ ሹማምንት፥ ለመስቀልና ለዐረፋ ወደ ወላጆቻችሁ ቤት የምትገቡ የአገሩ ልጆች፥ ስንት እንደ ተተከለ ከመጠየቃችሁ በፊት አምና የተተከለው ወዴት እንዳለ ጠይቁ። የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ፥ ሣሩንስ ማን እንደሚያጭደው እወቁ። ባልቴቲቱ ድርሻዋን ማግኘቷን ከሰማችሁ ተራራው ጠባቂ አለው፤ ካልሰማችሁ ግን ችግኝ ለማምጣት ከመቸኰል ያንን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ።