ሐዲዱን ተከትለን እስከ ሁርሶ

እንግሊዞች አንድ የምንቀናበት ነገር አላቸው፤ ባህሩን እየታከከ የሚሄድ የእግር መንገድ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ብቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰዉ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ይነሳና ሲደክመው ከመንደሯ ጎራ ይላል፤ ከቅድመ አያቱ ዘመን ጀምሮ ስትቀዳ የኖረች መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ቢራውን ይጨልጣል። እኛ ባህር የለንም (ይሄን እንኳ አታስታውሱን!)። ወደ ባህር የሚወስድ ሐዲድ ግን አለን። ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ደግሞ ከእግር መንገድ በምን ይለያል?

ይሄን ብለን ነው እንግዲህ አራት የድሬ ልጆች ወደ ሁርሶ የተነሳነው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ጉዳይ ነበረን። የአንዱ ጓደኛችን አባት የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ሁርሶ ከአንዲት መጠጥ ቤት የ43 ብር ዱቤ ቀርቶባቸዋል፤ ከ1999 ጀምሮ! ዘንድሮ ታመው አልጋ ሲይዙ ከሁሉ በፊት ትዝ ያላቸው ይሄ ሆነ። «ሂዱና ክፈሉልኝ» ብለው 1,000 ብር ሰጡን። ወለዱን አስበው መሰለን።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እንመለስ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋንም የወለዳት እሱ ነው። ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ሐዲዱን እዚያ ማውጣት ኪስ የሚያራቁት ሆነና ከግርጌው ቆመ። ከዚያ ኩባንያው ራሱ ገንዘብ አለቀበት። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በድሮው ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር፤ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በ1923 ለጃንሆይ ንግሥ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎም በዚሁ ባቡር ነው የገባው። እንግዲህ ያደረ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ቡፌ ዳዋሽን የመሰለ ስመ ጥር ቤት የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁርሶ ግን ባቡር የሚያድርባት አልነበረችም። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣው እስኪያልፍ ከወዲህ ያለው ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ አሮጌው ባቡር ብልሽት ሲያበዛ መጠበቁ ሰዓታት ይወስድ ነበር። የትንንሾቹ ጣቢያዎች ገበያ ያ ጥበቃ ነው። የባቡር ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ይጠጣል፣ ደመወዝ ስላልደረሰ በዱቤ ይጠጣል፣ ባቡሩ ሲያፏጭ ብርጭቆውን ጥሎ ይሮጣል።

እስከ ግማሽ መንገድ በመኪና ሄደን የቀረውን በእግር ያዝነው። ስለ እግር ጉዞው ብዙ ባናወራ ይሻላል፤ ከሐዲዱ ከፊሉን አሸዋ ውጦታል፣ ከፊሉን እሾህ። ጥር ነው ብለን የተማመንበት ፀሐይ ጭንቅላታችንን ጠበሰን። ሁርሶ ስንቃረብ ካሜራችንን ቦርሳ ውስጥ ከተትን። የወታደር ማሰልጠኛ ያለበት አገር ነው፣ ቀልድ የለም አቦ!

ቤቷ አለች። ሁለት የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ ፍሪጅ፣ ከደጇ አንድ የኒም ዛፍ። ሴትየዋ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ናት። ቤቱን በጃንሆይ ጊዜ የከፈቱት አያቷ ናቸው፤ ጠላ ይሸጡ ነበር። ከእሳቸው ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ እሷ ደረሰ። እኛ ሐረር ቢራ አዘዝን፤ አንዱ ጓደኛችን አልኮል አይነካምና ሐረር ሶፊ ያዘ። ጉዳያችንን ስንነግራት አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ አንድ የተማሪ ደብተር ይዛ ወጣች።

«ጽሕፈቱ የኔ ነው» አለች። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ማታ ማታ እሳቸው ይነግሯታል፣ እሷ የቤት ሥራዋን ስትጨርስ ትጽፋለች። ችግሩ ሁሉም በቅጽል ስሙ ነው የተጻፈው። ወደ ድሬ ደወልንና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው። አባትየው እንደ መሽኮርመም ብለው ቅጽል ስማቸውን ነገሯት። ልጃቸው ሰምቶት የማያውቀው ስም ነው፣ እኛም እዚህ አንጽፈውም።

ፈልጋ አገኘችው። 43 ሳይሆን 61 ብር።

«ጋሼ፣ 61 ነው የሚለው።»

«ተይ ልጄ፣ እናትሽ ጨምረውብኝ ነው!»

ከ1,000 ብሩ ላይ 61 ብቻ እንቀበል አለች፣ እኛ አይሆንም አልን፤ በመጨረሻ የጠጣነውም ከዚያው ተቆረጠና ትርፉን ለልጇ ደብተር ግዢ ብለን ተስማማን። እስክሪብቶ አምጥታ ስሙን ሰረዘችው። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ የሚቀጥለውን ስም አነበበች።

«እሱ ሞቷል» አሉ አባትየው።

ሌላ አነበበች። «ጅቡቲ ነው ያለው። በሽተኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።» ሌላ። «ሞቷል።» ሌላ። «እሱማ ጎረቤቴ ነው! ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፣ ይከፍልሻል።» የሞተውን ትሰርዛለች፣ በሕይወት ካለው ጎን ነጥብ ታደርጋለች። ከአዲስ አበባ ድሬ የነበረው አሮጌው ባቡር በ2000 ገደማ ሲቆም፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድ ቀን በዚህ በኩል ማለፍ አቆሙ፤ ማንም ደህና ሁኚ ያላት የለም። በ2009 የተመረቀው ባለ ኤሌክትሪኩ መስመር ለእሷ የሚጠጣ ሰው አላመጣላትም። ዛሬ የቤቷ ደንበኛ ወታደርና የመኪና ሾፌር ነው፣ ሁሉም በጥሬ ገንዘብ ነው የሚጠጣው።

ጓደኛችን ወደ ውጭ ወጥቶ ኒሙ ሥር ቆመ። እኛም አልተከተልነውም።

የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ገና አራት ገጽ ይቀር ነበር። የአባትየውን ቁጥር ጻፍንላትና መኪና ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ወጣን። አሁን ማታ ማታ ይደዋወላሉ አሉ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰዋል።