በጎንዶኮሮ የዋለ ቦርሳ

የደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ስትሆን፥ አገሪቱ ነጻነቷን ካወጀችበት ከሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ. ም. ወዲህ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ የሚመላለስባት ሆናለች። ከእኛም አገር ከኤርትራም የሄዱ ሆቴል ከፋቾችና ነጋዴዎች ስላሉባት፥ እንግዳው እንጀራ አጣለሁ ብሎ አይሰጋም።

እኛም አራት ሆነን ለመንግሥት ሥራ ወደዚያች ከተማ ሄደን ነበር። የተላክንበት ጉዳይ ዓርብ ማታ በፊርማ ስለ ተፈጸመ፥ አውሮፕላኑም እሑድ ጧት የሚነሣ ስለ ሆነ፥ ቅዳሜን ወንዙን በማየት ለማሳለፍ ቈረጥን። አራቱ ፓስፖርቶችና የተፈረመው ሰነድ በአንድ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ለእኛ በዐደራ ተሰጡን። እዚህ ላይ «እኛ» የምንለው በጽሕፈት ልማድ ነው እንጂ ቦርሳውን የያዘው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጥፋቱም የአንድ ሰው ነው።

ወንዙ ከሩቅ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመለከቱት ግን የሣር ጉብታ ተሸክሞ በኀይል ይነጕዳል። ከባልንጀሮቻችን አንዱ ጐንበስ ብሎ ፊቱን ከታጠበ በኋላ «ይህ የጣና ውሃ ነው» ቢለን ሳቅንበት። በጁባ የሚያልፈው ውሃ ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች የሚወርድ ነው፤ የጣናው ዓባይ የሚያገኘው በካርቱም ነው። እኛ በልጅነታችን የዋኘንበት ተከዜም በአትባራ በኩል ዞሮ ከዚያ በታች ይደባለቃል። ስለዚህ በጁባ ሆኖ የአገሩን ውሃ የሚፈልግ ሰው ብዙ ቀን ወደ ሰሜን መጓዝ አለበት።

በሞተር ጀልባ ወደ ጎንዶኮሮ ደሴት ተሻገርን። ይህን ስም ያወቅነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ነው። ጥንታዊው የጎንዶኮሮ ሰፈር በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ስፒክና ግራንት የተባሉት ብሪታንያውያን የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከዛንዚባር ተነሥተው ለረጅም ጊዜ ወሬያቸው ጠፍቶ ነበር። በ1863 በፌብሩዋሪ ወር ወደ ጎንዶኮሮ ሲደርሱ ሊቀበላቸው የታሰበው ቆንስል ፔትሪክ በስፍራው አልነበረም፤ ያገኛቸው ሊፈልጋቸው የመጣው ሳሙኤል ቤከር ነው። እነርሱም ሳያዩት የቀሩትን ሐይቅ አቅጣጫ ነገሩት፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ሄዶ አገኘውና አልበርት ብሎ ሰየመው። ይህን ሁሉ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፥ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እየበላን፥ ለባልንጀሮቻችን በሰፊው አስረዳን። ቦርሳውን ከአጠገባችን ያስቀመጥነው እጃችንን እያነሣን ስንተርክ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ወደ ጁባ ተመልሰን ከወንዙ ዳር ቡና ከምታፈላ አንዲት ሴት ዘንድ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ስኒ ሳያልቅ ቦርሳው እንደሌለ ዐወቅን። ያለ ፓስፖርት የሚቀር እንግዳ ምን እንደሚሆን፥ ሰነዱንም አጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመለስ ሠራተኛ ምን እንደሚባል፥ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ማንም አልተቈጣንም፤ ዝምታቸው ግን ከቍጣ ይብስ ነበር።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለን። ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆነው አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ ምሳችንን ስንበላ ከሩቅ ቆሞ ያየን ነበር። ጀልባዋም ስትነሣ እየሮጠ እስከ ውሃው መጥቶ፥ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። እኛ ገንዘብ የሚለምን መስሎን ፊታችንን አዙረናል። «ያ ልጅ ነው የወሰደው» አልን፤ ሦስቱም ተስማሙ።

ቡና የምታፈላው ሴት በትግርኛ ስንነጋገር ሰምታ «ኣሕዋተይ» ብላ ጠራችን፤ ወንድሞቼ ማለት ነው። ነገሩን ከጠየቀችን በኋላ «የሰረቀ ልጅስ ወደ ጫካ ይሮጣል እንጂ ወደ እናንተ ይሮጣልን?» አለች። የምንመልሰው አጣን። እርስዋም ጀበናዋን ለጎረቤትዋ ትታ፥ የጁባን ዐረብኛ የምታውቅ ስለ ነበረች፥ አስተርጓሚ ልትሆነን ከእኛ ጋር ወደ ጀልባው ወረደች።

ቦርሳው በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። ማንገቻው በፍየል ጥርስ ተበልቷል፤ ልጁ የሰቀለውም ከፍየሎቹ ለማዳን ነው። ከግንዱ ሥር አያቱ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ልንቀበል እጃችንን ብንዘረጋ ከለከሉን፤ አስቀድመን በፊታቸው ከፍተን እንድንቈጥር አዘዙ። አራት ፓስፖርትና አንድ ሰነድ ጮኽ ብለን ቈጠርን። ይህ ሲፈጸም ገንዘብ አወጣን፤ እርሳቸው ግን ለጀልባው ሰውዬ የመጀመሪያውን ጉዞ ዋጋ ከፍለን እንደ ሆነ ጠየቁን። ለካስ አልከፈልንም ነበር።

ልጁን ስለ ጀልባዋ መነሣት ጠየቅነው፤ ምን እያልህ ትጮኽ ነበር ብናስብለው፥ «ሻንጣ፥ ሻንጣ ነው ያልሁ» አለ። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ እኛም ቋንቋ የገባ፥ በየቤታችን የምንናገረው ነው። የሞተሩ ድምፅ አልነበረም ያላሰማን፤ ጀልባዋ ገና ስትገፋ ነበር። ይቅርታ እንድትጠይቅልን ለሴትዮዋ ነገርናት፤ እርስዋም ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ ልጁ ግን ከመካከሉ ተነሥቶ የጠፋች ፍየል ሊፈልግ ሄደ።

ስንመለስ ፀሓይ ከኩጁር ተራራ በስተ ኋላ እየጠለቀች ነበር። ቦርሳውን ከባልንጀሮቻችን በዕድሜ የሚበልጡት አንገታቸው ላይ አጥልቀው ያዙት፤ የተበላውን ማንገቻ በገመድ ቋጥረውታል። እስከ አዲስ አበባም ድረስ ለእኛ አልሰጡንም።