የእንቦጭ ሰምና ወርቅ

ከቆላ ድባ በታች፣ በደምብያ ዳርቻ ባለው የጣና ውሃ ላይ፣ እንቦጭ የሚባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ግድም ታየ፤ ጥንተ አገሩም ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ሐምራዊ ነውና ሰሙ ጌጥ ይመስላል፤ ወርቁ ግን የዓሣ ጠንቅ፣ የታንኳ እንቅፋት ነው። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጥብቅ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዘገበ፤ ነገር ግን መዝገብ አረም አይነቅልም። የነቀለውስ ገበሬው ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ የእርሻውን ሥራ ትቶ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ይሁን እንጂ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያልና፣ ሳያብብ ካልተነቀለ፣ ተነቅሎም ከውሃው ርቆ ካልደረቀ፣ የዘንድሮው ድካም ለከርሞ ይደገማል። ስለዚህ የከተማው ሰው ገበሬውን ማመስገኑ ብቻ አይበቃም፤ አበባው ሳይፈነዳ ሊደርስለት ይገባል።