የአያቴ ብስክሌት
አያቴ ትተውልን ያለፉት ብስክሌት ሙሉ አካሉ ብረት ነው፤ እስከ ዛሬ ዝንፍ አላለም። ቸርኬውም ክሮም የተለበጠ ብረት ስለሆነ ዝናብ ሲያርሰው ፍሬኑ አይይዝም። አባዬ «የአባቴ ዕቃ አይነካም» ይል ነበር፤ እኔ ግን የናይሮቢን ቁልቁለት በዝናብ ወርጄ ትምህርት ቤት መድረስ ነበረብኝ። በመጨረሻ «አባቴስ የገዙት ሊነዱት አይደል?» ብሎ አዲስ ቸርኬ ገዛልኝ። አሉሚኒየም ነው፤ ረጥቦም ከክሮም የተሻለ ይይዛል።

የአሮጌው ቸርኬ የጎማ ማረፊያ ዲያሜትር 630፣ የአዲሱ 622 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሐል ሲለካ ልዩነቱ 4 ብቻ ስለሆነ፣ የፍሬኑን ላስቲኮች ያን ያህል ዝቅ አድርገን አሰርናቸው። አሮጌዎቹ ቸርኬዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል፤ ብስክሌቱ ግን በየጠዋቱ መንገድ ላይ ነው።