ቂም ይዞ ጸሎት

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሌባውን ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂመኛውን አገልጋይስ ምን ያጋልጠዋል? ድምፁ እንደሆነ ያምራል፤ ስብከቱ እንደሆነ ይጥማል፤ ከበሮውም ከምቱ ዝንፍ አይልም። ታዲያ ማን ያውቅበታል? እኛ ዛሬ ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው። በአገልግሎት ውስጥ የገባ ቁጣ ክፋቱ ሥራውን ወዲያው አለማስቆሙ ነው። ሥራው ይቀጥላል፤ ሰውዬው ግን እየነቀዘ ይሄዳል።

እኛ የደሴ ልጆች ነን፤ ያደግነው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሰልፍ መያዝ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ስለ ተጠማ ሕዝብ ሲነበብ ጆሯችን ይቆማል። በኦሪት ዘኍልቍ 20ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ቃዴስ ላይ ውሃ አጥቶ በሙሴ ላይ ያጉረመርማል። እግዚአብሔርም ዐለቱን በቃል እንዲናገረው ሙሴን ያዝዘዋል። ሙሴ ግን በሕዝቡ ተማሮ ነበርና ተቆጥቶ ተናገራቸው፤ ዐለቱንም በበትር 2 ጊዜ መታው። ልብ በሉ፤ ውሃው ወጣ! ሰዉም ከብቱም ጠጣ። «ይህ በቁጣ የወጣ ውሃ ነው፤ አንጠጣም» ያለ አልነበረም። የቀረበት ሙሴ ነው፤ ያን ያህል ዘመን የመራው ሕዝብ ከገባበት አገር ሳይገባ ቀረ። ውሃው መውጣቱን ብቻ ያየ ሰው ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም ሊል ይችላል።

ይህን ለማየት እስከ ቃዴስ መሄድም አያሻንም። ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት እንደ ወጡ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። የአገራችን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ መቀባትና ስለ ልደቱ፥ ተዋሕዶ፥ ቅባት፥ ጸጋ እየተባባሉ ከ200 ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረው፥ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፥ እዚያ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። ተዋሕዶ ጸና፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። የትምህርቱን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ያ የኛ ጉዳይ አይደለም። እኛን የሚያስጨንቀን አካሄዱ ነው። ከጉባኤው አስቀድሞ እንኳ የሦስት ልደት ሰዎች ተዋሕዶዎቹን «ካራ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ ሦስተኛውን ልደት ቆረጡ ለማለት ነው። እንግዲህ የሃይማኖት ወንድም በቢላዋ ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው። ከጉባኤውም በኋላ እምቢ ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንዳሉ ተጽፏል። ስለ ቃል ሥጋ መሆን የተጀመረ ክርክር በምላስ መቁረጥ አለቀ! የወሎ ሙስሊምም በዚያው ሰሞን በአዋጅ ተጠመቅ ተባለ። አዎን፥ ጉባኤው ለተሰበሰበበት ጉዳይ ውሳኔ ተገኘ። ግን ያ ምላሱን ያጣ መምህር ደቀ መዛሙርት አልነበሩትም? እነሱስ ከዚያ ቀን ምን ተማሩ?

የጥንት ነገር ነው፤ አልፏል የሚል ይኖራል። ወደ ቅርቡ እንምጣ። አቡነ መርቆሬዎስ በ1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ፤ መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስ ተሰደዱና በአሜሪካ ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ሆነ። ከአገር ውጭ ያለው ምእመን የአገር ቤት፥ የስደተኛው፥ ገለልተኛ እየተባለ ሦስት ቦታ ተከፈለ። በአንድ ከተማ የሚኖሩ የአንድ እናት ልጆች በየፊናቸው ያስቀድሱ ነበር። በሦስቱም ቦታ ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ ሕፃናት ይጠመቁ ነበር፤ ሙታንም ይፈቱ ነበር። ውሃው ይፈስ ነበር እኮ! ውግዘቱ የተነሣውና ዕርቁ የወረደው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ነው። አቡነ ጳውሎስ ግን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ዐርፈው ስለነበር ያን ቀን አላዩትም። አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ፤ በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ከስንት ዓመት በኋላ ለስንት ዓመት! ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለውን ታሪክ ይፍረደው። ተወግዞ እየተወጋገዘ ያደገውን ልጅ የልጅነቱን ዘመን የሚመልስለት ግን የለም።

አሁን ወደ ራሳችን፤ ወደ ግቢው። ስሙን በማንጠራው አንድ ማኅበር ውስጥ ሁለት አገልጋዮች በአንድ ጉዞ ገንዘብ ተጣሉ። ሒሳቡ በሳምንቱ ተጣርቶ አለቀ። ጠቡ ግን ሁለት ዓመት ቆየ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ፥ አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ ይሰግድ ነበር። መዝሙሩ እንደሆነ አልተጓደለም፤ እንዲያውም እየተፎካከሩ ስለሚያጠኑ አማረ። ከገጠር የመጣ አንድ አዲስ ተማሪ ግን ለአንደኛው ሰላምታ ሰጥቶ ሌላኛው ስላኮረፈው ጉባኤ መምጣቱን ተወ። ለምን ብለን ጠየቅነው። «ኧረ እኔ የማንም ወገን አይደለሁም፤ ልጸልይ ነበር የመጣሁት» አለን። ይህን ያህል ነው መልሱ።

«ጌታስ በቤተ መቅደስ ጅራፍ አላነሣም ወይ?» የሚለንን እንሰማዋለን። አንሥቷል። ስለ አባቱ ቤት ተቆጣ እንጂ ስለ ራሱ ክብር አልተቆጣም፤ ሲተፉበት ዝም ነው ያለው። እኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነን። ቤቱ ሲዘረፍ ዝም እንልና መድረክ ሲነፍጉን፥ ስማችን ከዝርዝር ሲቀር፥ ለእግዚአብሔር የቀናን መስለን እንነሣለን። ንዴት ለሁሉም ነው፤ ሰው የሆነ ሁሉ ይናደዳል። ንዴቱን አጠራቅሞ፥ አስቀምጦ፥ በየጉባኤው እያሞቀ ማቅረብ ግን ምሬት ነው። ምሬት ደግሞ ከሚጠላው ሰው አልፎ ምንም ወዳልበደለው ይደርሳል፤ ያ አዲስ ተማሪ ማንን በድሎ ነበር?

በኛ በወሎ ሁለት ጎረቤት ሲጣላ ቄሱና ሼኹ አብረው ሽማግሌ ይቀመጣሉ፤ ቡና ተፈልቶ፥ ተመርቆ፥ ተጨባብጦ ይነሣል። ይቅር ለእግዜር ለማለት ሲኖዶስ አልጠበቁም፤ ዲግሪም አልጠየቁም። እኛ ተማሪዎቹ ከነሱ ምን አንሰን ነው?

ከኛ መካከል ብዙዎች በዚህ ዓመት ተመርቀን በየወረዳው እንበተናለን፤ መምህር፥ ሰባኪ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ እንሆናለን። ወንጌል መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን ያዝዛል። እንግዲህ ከበሮው ለአንድ እሑድ ሳይመታ ቢቀር ምን ይሆናል? ሻንጣችንን ሳናሥር፥ ያኮረፍነው ሰው ዶርም ድረስ እንሂድ። በሩን እናንኳኳ።