አምባገነን ሲሳቅበት

በእኛ ጊዜ በባለሥልጣን መሳቅ ቀላል ነገር አልነበረም። በደርግ ዘመን ወጣት የነበርን የደሴ ሰዎች ቀልድ ከመጀመራችን በፊት በሩን እንዘጋ፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። የልጅ ልጆቻችን ግን አምባገነን ሲሳቅበት በስልክ ያያሉ፤ እንዳሻቸውም ይስቃሉ። ከእነሱ ጋር እንሳቅ ወይስ ስልኩን እንቀማ?

ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ሄጄ ሳለሁ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ይኼን ይዩልኝ!» ብሎ ጠራኝ። የቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» ነበር። ሂትለርን የሚመስለው መሪና ወፍራሙ እንግዳው ፀጉር አስተካካይ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው ላለማነስ ወንበራቸውን ወደ ላይ ከፍ ከፍ ያደርጋሉ። ልጁ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ።

«ወፍራሙ ማነው?» አለኝ።

«ሙሶሊኒ ነው፤ ፊልሙ ላይ ናፓሎኒ ይሉታል።»

«ሙሶሊኒ ደግሞ ማነው?»

እዚህ ላይ ፊልሙን አስቁሜ ስለ አባቴ ነገርኩት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አባቴ ትንሽ ልጅ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴም ያን ዕለት ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አያቴ አባቴን አዝላ ወደ ጦሳ ሸሸች። አባቴ ሸምግሎም ቢሆን የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ወሬውን አቋርጦ ቀና ይል ነበር።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ነው። እዚያ ሰው በናፓሎኒ ሲስቅ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ገና በእውነተኛው ሙሶሊኒ ጦር እጅ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞቻችን ኮምቦልቻ ላይ ተዋግተው ደሴን ያስለቀቁት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው።

ቻፕሊን ራሱ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተፈጸመውን ግፍ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን መሥራት እንደማይችል ተናግሯል። እኔ ግን አባቴ ያን ወንበር ቢያይ ደስ ይለው ነበር እላለሁ። ዕድሜ ልክ ያስፈራህ ሰው መሳቂያ ሲሆን ማየት ትንሽ ያሳርፋል።

ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተባለው ቴአትራቸው የሹማምንቱን ብልሹነት በእንስሳት አስመስለው አሳዩ፤ ቴአትሩም ታገደ። በቅርቡ ደግሞ የ«እያዩ ፈንገስ» መድረክ ሰዉን እያሳቀ ስንቱን አናግሯል። ሥልጣን የሚሳቅበትን አይወድም፤ ሕዝብ ደግሞ መሳቁን አይተውም።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ እንዲህ ያለውን ፊልም ልጆቹን አትከልክሏቸው። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አብራችሁ ሳቁ። ከዚያ አስቁሙትና ያ የሚሳቅበት ሰው በእኛ ቤት ምን እንዳደረገ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን የት እንደተሸሸገ በስም ንገሯቸው። ይህን ፊልሙ አይነግራቸውም። እኛ ሳንነግራቸው ካለፍን የሚቀራቸው ወንበሩ ብቻ ነው።